እሳት ያለበት ማይክ

ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሁለት ማይኮች አሉ። አንዱ የመዘምራን ነው፤ እሱን ማንም ጉዳዬ ብሎት አያውቅም። ሌላው የመድረኩ ነው፤ እሱን የያዘ ሰው ይንቀጠቀጣል። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ዘማሪ ይዞት በጉልበቱ ከተንበረከከ ወዲህ "እሳት ያለበት ማይክ" የሚል ስም ወጣለት። ራሱን የሚያመው ሰው ሲመጣ ግንባሩን እስከማስነካት ተደርሷል።

ሁሉንም ሰው ግን አይነካም። የእኛ ሰዎች ፍልስፍና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጫማውን አድርጎ የሚሰብክ ምንም አይሰማውም። "ስፍራው ቅዱስ ነው" ብሎ ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን አጣጥፎ፣ በባዶ እግሩ ሲሚንቶው ላይ የቆመ ግን ከክንዱ ጀምሮ ይርገፈገፋል። በላብ የራሰ ከሆነማ ይብስበታል። ስለዚህ ጉባኤው ትሑት ሰው ይነካል፣ ትዕቢተኛ አይነካም ብሎ ደመደመ። በድሉ የሚባሉ ሽማግሌ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ ጫማ እንዳያወልቁ ሐኪም ከልክሏቸዋል፤ እሳቸውም ሳይቀሩ "ለምንድን ነው እሳቱ የሚሸሻቸው?" ተብለው ታሙ። ሰውየው በእድሜያቸው ሙሉ ዝንብ አስቀይመው አያውቁም።

እኔ ወንጌል እባላለሁ። አማኝ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ "ትምህርት ያስካዳት" የተባልኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። እኔም አንድ እሁድ በባዶ እግሬ ያንን ማይክ ይዤ አልቅሻለሁ። ልቅሶዬ የእውነት ነበር። መንቀጥቀጤ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነበር፤ ከየት እንደመጣ የነገረኝ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ነው።

ጁባ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነሪንግ እማራለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። በላብራቶሪ ቡድናችን ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም ወንዶች ናቸው። አንደኛ ዓመትን ሙሉ እነሱ ሰርኪት ሲገጥሙ እኔ "ጽሑፍሽ ያምራል" እየተባልኩ ሪፖርት ስጽፍ ከረምኩ። ጽሑፌ አያምርም። ዘንድሮ በመጀመሪያው ቀን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና መበየጃውን አነሳሁ።

"ያ ሐበሺያ፣ ትቃጠያለሽ" አለኝ አንዱ፤ አንቺ ሐበሻ ማለቱ ነው።

"በራሴ ጣት ነው" አልኩት።

ተቃጠልኩም። መበየጃውን ግን አልመለስኩም። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ በሌላው እጄ ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱን በየተራ መጻፍ ጀመርን፤ የእነሱ ጽሑፍ ከእኔም የባሰ ሆኖ ተገኘ።

አስተማሪያችን ሚስተር ፒትያ የጁባ ተወላጅ ነው። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ተማሪ ሲሳሳት የማይቆጣ ነገር ግን ስህተቱን ራሱ ተማሪው እስኪያገኘው ድረስ የማያስቀምጥ ሰው። አንድ ጠዋት ስለ ግራውንድ ያስተምረን ነበር። "ብረት ልባስ ያለው መሣሪያ ሁሉ ከመሬት ጋር በሽቦ መታሰር አለበት" አለ። "ካልታሰረ፣ ውስጡ ያለ ሽቦ ተልጦ ልባሱን የነካ ቀን ኤሌክትሪኩ መውጫ ያጣል። ልባሱ ላይ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። መሬት የረገጠ ሰው ሲነካው በዚያ ሰው በኩል ወደ መሬት ይሄዳል። ጫማ ያደረገ ይተርፋል።"

የመጨረሻዋን ቃል እንደዋዛ ነው የተናገራት። እኔ ግን መጻፌን አቆምኩ። የታሙት አባባ በድሉ፣ የተጣጠፉት ካልሲዎች፣ የእኔ ባዶ እግር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ መጡ።

ቅዳሜ ከመዘምራኑ ጋር ስለማመድ የቤተ ክርስቲያኑን አምፕሊፋየር ከኋላው አየሁት። ሶኬቱ ሦስት እግር ሊኖረው ሲገባ ሁለት ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛዋ፣ የመሬቷ እግር፣ በፒንሳ ተቆርጣለች። የሳውንድ አገልጋያችን ጢሞቴዎስ፣ ከማከፋፈያው ቀዳዳ ጋር አልገጥም ስላለችው ነው የቆረጣት። ጢሞ ክፉ ልጅ አይደለም። እንቢ ያለውን ነገር ሁሉ በፒንሳ መፍታት የሚወድ ልጅ ነው። ከኮሌጅ የተዋስኩትን መልቲሜትር አወጣሁና አንዱን ጫፍ ማይኩ ላይ፣ ሌላውን መሬት ውስጥ የተቀበረው የበሩ ብረት ላይ አደረግሁት። ጀነሬተሩ እየሠራ ነበር። ሁለት መቶ አስር ቮልት አሳየኝ።

ሰኞ እየሮጥኩ ሚስተር ፒትያ ጋ ሄድኩ። የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር።

"ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረኝም" አለኝ።

"ሁለት መቶ አስር ነው እኮ!"

"መልቲሜትር ከመሣሪያው ምንም አይጠይቅም፤ ስለዚህ መሣሪያው እንደፈለገ ይፎክርለታል። ጭነት አሸክሚው። ጭነት ሲያዝለት ቁጥሩ ከወደቀ ዝም ብሎ ቆንጣጭ ነው። ካልወደቀ ሌላ ነገር ነው። ሳታውቂ ሰው አታስደንግጪ።"

አፍ ዳገት አይፈራም ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ። ተናደድኩ፣ ግን ትክክል ነበር። ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ በወረቀት ስንሠራው የከረምነው ስሌት ይኸው ነው፤ ምንጩ ከውስጡ ምን ያህል ይቋቋማል የሚለው። ፈተና ላይ አግኝቼዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኔ ውስጥ ግን ሲመጣ አላወቅሁትም። የረጠበ ሰው ገላን ያህል የሚቋቋም ትልቅ የሸክላ ሬዚስተር ሰጠኝና በሳምንቱ አጋማሽ በነበረው ልምምድ ማይኩና በሩ መካከል ገጠምኩት። ቁጥሩ ወረደ፤ ግን ከላዩ ላይ ትንሽ ብቻ። ሬዚስተሩ ወዲያው ጋለ፣ መሽተትም ጀመረ። ነቀልኩት።

ሚስተር ፒትያ ውጤቱን ሰምቶ ቆመ። "ዛሬውኑ ይነቀል" አለኝ። "ያ ማይክ ሰው ይገድላል። እስከ ዛሬ ያተረፋችሁ ደረቅ ሲሚንቶ ነው።"

አሁን ለምን እንደተጣደፍኩ ልናገር። የመጪው እሁድ የጥምቀት ቀን ነበር። ድሮ የምናጠምቀው ከከተማው ወጣ ብሎ በረጃፍ በኩል ወንዙ ዳር ነበር፤ ዘንድሮ ወንዙ ሞልቶ ስላስፈራ ግቢያችን ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። ለዚህም የተቆራረጠ የውሃ ቦቴ ግማሽ በርሜል ተገዝቶ፣ ጭቃው ላይ ተጋድሞ፣ የብረት መሰላል ተበይዶለት ነበር። በእኛ ዘንድ ተጠማቂ እምነቱን የሚመሰክረው ውሃው ውስጥ ቆሞ ነው፤ ምስክርነቱ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማው በማይክ ነው። በየትኛው ማይክ እንደሚሆን ሳይጠየቅ የታወቀ ነው። ከተሰለፉት ተጠማቂዎች የመጀመሪያዋ ደግሞ እናቴ ነበረች።

እናቴ፣ የሻረግ፣ ኮኞ ኮኞ በሚባለው ገበያ አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ለዓመታት "ተጠመቂ" ስትባል "አንዴ ተጠምቄያለሁ፣ ሕፃን ብሆንም ውሃው ውሃ ነበር" እያለች አስቸግራለች። ማንም አልገፋትም፤ በዚህ ዓመት በራሷ ጊዜ ተነስታ "እጠመቃለሁ" አለች። ነጩን ቀሚስ ራሷ ነው ያሰፋችው። እናቴ አንድ ነገር ከወሰነች ወሰነች ነው።

ፓስተር ዘካርያስን ቢሯቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ጢሞም ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሶኬቱን፣ መልቲሜትሩን፣ የጋለውን ሬዚስተር። ፓስተሩ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ወንጌልዬ" አሉኝ፣ "ትምህርትሽ ጥሩ ነው። እኔም እጸልይልሻለሁ። ግን በዚያ ማይክ ሰው ተፈውሷል። አሁን ተነስቼ 'ያ ሁሉ የሽቦ ብልሽት ነበር' ብል የሕዝቡ እምነት ምን ይሆናል?"

"ፓስተር፣ እግዚአብሔር ለመፈወስ የተላጠ ሽቦ አያስፈልገውም።"

"እስከ ዛሬ ማንን ገደለ?" አለ ጢሞ።

"እስከ ዛሬ ማንም ውሃ ውስጥ ቆሞ አልያዘውም!"

ድምፄ ከፍ አለ። ፓስተሩ እጃቸውን አነሱ። "ከጥምቀቱ በኋላ እናየዋለን። ከወንዙ ማዶ ከሸሪካት እንኳን የሚመጡ እንግዶች አሉ። እስከዚያ ይህን ነገር ለማንም እንዳታወሪ።" ጢሞም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳውንዱን ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጢሞ ሞኝ አልነበረም፣ ግን እሱም አልለቀቀም።

ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቼ ዛሬ ልጠመቅ ስል ማይኩ ይገድላል አልሽ?"

"አትጠመቂ አላልኩም፣ እማ። ማይኩን አትያዢ ነው ያልኩት።"

"ሰው ምን ይላል? የሻረግ ምስክርነቷን ደበቀች፣ አፈረች ነው የሚለው። እኔ በሕይወቴ አፍሬ የተናገርኩት ነገር የለም። ስማችንን አታሰድቢ። ተይኝ።"

ይሄ ከፓስተሩ ንግግር ሁሉ በላይ አመመኝ። ከምትሞቺብኝ ብትጠዪኝ ይሻለኛል ብዬ ልመልስላት ፈልጌ ነበር፤ እሷ ቢላዋውን አንስታ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። አልተውኳትም ግን።

ሐቢብ ሱቅ ሄድኩ። ሐቢብ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ያገራችን ልጅ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የሌለ ነገር የለም።

"የድሮውን አምፖል ስጠኝ፣ ሽቦ ያለውን።"

"ማፊ፣ የለም! አሁን ሁሉም ኤልኢዲ ነው። ይሄንን ውሰጂ፣ ኩዌስ ነው፣ ጥሩ ነው፣ መብራት አይበላም።"

"መብራት የሚበላ ነው የምፈልገው" አልኩት። ኤልኢዲ ሰው በማይጎዳ ትንሽ ኤሌክትሪክም ሊበራ ይችላል፤ ጠላቶቼ ፊት ሊዋሽብኝ አልፈልግም ነበር። ሐቢብ ራሱን እየነቀነቀ ከኋላ ካርቶን ፈታ። ረጃፍ ጫጩት ለሚያሞቁ ሰዎች እንደሚያመጣላቸው ነገረኝ። አንድ አነስተኛ አምፖልና መያዣውን ሸጠልኝ። ሁለት ረጃጅም ሽቦ በየድኩባቸው፤ ጫፋቸው ላይም መቆንጠጫ አደረግሁ።

ቅዳሜ ዘነበ፤ እሁድ ፀሐይ ወጣ። ግቢው ጭቃ በጭቃ ነው። እንግዶቹ ጣውላ ላይ ቆመዋል፣ መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ ጀነሬተሩ ከአጥሩ ጥግ ይጮኻል። ፓስተር ዘካርያስ ውሃው ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው ቆመዋል። እናቴ በነጭ ቀሚሷ፣ በባዶ እግሯ፣ መሰላሉ ሥር ናት። ጢሞ የጎማ ቦቲውን አድርጎ፣ እሳት ያለበትን ማይክ ከረጅም ገመዱ ጋር እየጎተተ መጣ።

ከመዘምራን መካከል ወጣሁ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ነበር። ማንም ሳይከለክለኝ አንዱን መቆንጠጫ የበርሜሉን ጠርዝ አስነከስኩት። ከዚያ ጢሞ ፊት ቆሜ፣ ፕላስቲኩን ይዤ፣ ሁለተኛውን መቆንጠጫ የማይኩ ብረት ላይ አሳረፍኩት።

አምፖሉ በራ።

በቀሚሴ ከፀሐዩ ከለልኩት፤ ሰው ሁሉ አየው። ቢጫ ነው፣ አያወላውልም። መዝሙሩ ቆመ። እኔ አሁን ሁሉም ይገባቸዋል ብዬ ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ ጮኸች፦

"ብርሃን ሆነ! ሃሌ ሉያ!"

ኪቦርዱ ተቀበላት። ግማሹ ጉባኤ እልል አለ።

እውነት ለመናገር በዚያች ቅጽበት አብጄ ነበር። "ሃሌ ሉያ አይባልም!" ብዬ ጮህኩ። "ይሄ መንፈስ ቅዱስ አይደለም፣ ጀነሬተር ነው! መንፈስ ቅዱስ ቢሆን ነዳጅ ሲያልቅበት አይጠፋም ነበር! አምፖሉን ያበራው ነገር በእናቴ ልብ ውስጥ ሊያልፍ ነው፤ ውሃ ውስጥ ገብታ ስትይዘው ያኔ እልል በሉ!"

አንድ ሰው ክንዴን ያዘኝ። ነጠቅኩት። ለካ ሕዝብ ፊት መጮህ ጣቴ ላይ መበየጃ ከማረፉ ይቀላል።

"ወንጌል፣ በቃሽ!" አሉ ፓስተር ዘካርያስ። ፊታቸው ቀልቷል። "ይሄ የእግዚአብሔር ቤት ነው። ጢሞ፣ ማይኩን ስጠኝ።"

እጃቸውንም ዘረጉ። ጢሞ ማይኩን ይዞ ተጠጋ። ፓስተሩ ወደ ማይኩ አዩ፣ ወደ አምፖሉ አዩ። ከዚያ የዘረጉትን እጃቸውን ሰብስበው መሰላሉን ያዙና፣ አንድ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀስ ብለው ከውሃው ወጡ። ጣውላው ላይ ቆመው ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ይፈልጉ ጀመር።

ሌላው ሰው አላስተዋለም። እናቴ አስተዋለች። ለዓመታት ሳይከፍል ሊወጣ የሚያደባ ደንበኛ ከጓዳ ሆና የምትለይ ሴት ናት።

"ፓስተር" አለች፣ "ለምን ወጡ?"

እሳቸው አንዱን ነጠላ ጫማ አገኙና አደረጉ።

"እኔ ልገባ ነው፤ እርስዎ ለምን ወጡ?"

ኪቦርዱ ቀጥ አለ። ፓስተሩ ነጠላ ጫማቸው ላይ ቆመዋል፤ ቀሚሳቸው ይንጠባጠባል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እዚያ ላይ መዋሸት ይችሉ ነበር፣ አልዋሹም። "ፈራሁ፣ እህት የሻረግ" አሉ በመጨረሻ፣ በጣም በቀስታ።

እናቴ ወደ ጢሞ ዞረች። "ያንን ነገር ከዚህ አርቅልኝ።"

"እማማ፣ ምስክርነትዎ በማይክ ካልሆነ ከአጥር ውጪ አይሰማም" አለ ጢሞ፤ ቸገረው።

"ማን? እኔ?" አለች እናቴ። "ሁለት ጀነሬተር እየጮኸ ከጓዳ ሆኜ መንገድ ላይ ያለ ሰው ምሳ ደርሷል ብዬ የምጠራ እኔ?"

ሰው ሳቀ። ጢሞ ማይኩን እንደያዘ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ፤ አምፖሌ ጠፋ። እኔ አጥሩ ጥግ ሄጄ ጀነሬተሩን አጠፋሁት። ካቶር ጸጥ ስትል እንዴት እንደምትሆን ረስቼው ነበር፤ ከመንገዱ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ብቻ ይመጣል። የአጎራባች ቤት ሴቶች ምን ተፈጠረ ብለው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

ፓስተሩ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ተመልሰው ውሃው ውስጥ ገቡ። እናቴ ተከተለቻቸው፤ ቀሚሷ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ወደ እኔ አልተመለከተችም። እኔ ጀነሬተሩ አጠገብ ቆሜ ልቀርብ አልደፈርኩም። በጥምቀቷ ቀን ትዕይንት አድርጌባታለሁ፤ በሕይወት አለች፣ ግን ምናልባት ከእንግዲህ አታነጋግረኝም ብዬ አሰብኩ።

"እህት የሻረግ፣ ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታና አዳኝዎ እንደሆነ በሙሉ ልብዎ ያምናሉ?"

እናቴ ትንፋሿን ሳበች።

"አምናለሁ!" አለች፤ ከአጥሩ ላይ የነበሩት ሴቶች ወደ ኋላ ሸሹ። "ልጄንም አምናታለሁ! ሰማችሁ? ልጄንም..."

ፓስተሩ ሌላ ሳትጨምር ቶሎ ብለው አጠለቋት።